ጓደኛህ ቢወድቅ ተከትለህ አትግባ

ከመርከብ ደንቦች ሁሉ ለሰው ልብ እጅግ የሚከብደው አንድ ነው። ጓደኛህ በመርከቡ ታንክ፣ ማለትም በተዘጋ የብረት ክፍል፣ ውስጥ ወድቆ ብታይ ተከትለኸው አትግባ ይላል። ማንቂያውን ደውል፤ ሰው ጥራ፤ መግቢያው ላይ ቁም፤ የአየር ጠርሙስ በጀርባው ያዘለና ለዚሁ የተዘጋጀ ቡድን እስኪደርስ ድረስ ግን እግርህን ወደ ውስጥ አታንሳ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ጭካኔ ይመስለዋል። በተለይ እንደ እኛ የ«ኡኡ» ድምፅ ሲሰማ የያዘውን ጥሎ በሚሮጥ ሕዝብ መካከል ያደገ ሰው ደንቡን ለመቀበል ይቸገራል። እኔ ግን ከባሕር ሥራ ካገኘሁት ዕውቀት ሁሉ ለሰፈሬ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ይህ እንደሆነ አምናለሁ፤ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። በእኛ በኩል ቤት የሚጀመረው ከጉድጓድ ነው። የፍሳሽ መስመር ስላልደረሰን እያንዳንዱ ባለቦታ መሠረት ሳያወጣ የሴፕቲክ ታንክ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ አቅም ያለው የውኃ ጉድጓድ ይጨምርበታል፤ ሌላው ከመሬት በታች የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ይሠራል። ቆፋሪዎቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣቶች ናቸው። ዶማ፣ አካፋ፣ ባልዲና ገመድ ይዘው በጠዋት ይመጣሉ። ጉድጓዱ ከቁመታቸው ሲያልፍ አንዱ ከታች ይቆፍራል፣ አንዱ ከላይ ሆኖ አፈሩን ይስባል። ሌላ መሣሪያ የላቸውም።

ሙያዬ የመርከብ መሐንዲስነት ነው። ይህን ስናገር «ባሕር የሌለን ሰዎች የምን መርከብ?» የሚለኝ አይጠፋም። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው በ1964 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የባሕር ጠረፋችንን አጣን እንጂ መርከቦቻችንን አላጣንም። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነትም በ90ኛው አንቀጹ ጠረፍ ያለውም የሌለውም አገር በራሱ ሰንደቅ ዓላማ መርከብ የማሰማራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቢሾፍቱ ላይ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳርቻ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም አለ፤ ከዚያ የወጡ ኢትዮጵያውያን ዛሬ በብዙ አገሮች መርከቦች ላይ ይሠራሉ። እኔም ወራት ባሕር ላይ፣ ወራት እዚህ እየኖርኩ ነው።

አሁን ወደ ታንኩ ልመለስ።

ባላስት ታንክ የሚባለው መርከቡ ጭነት ሳይዝ ሲጓዝ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የባሕር ውኃ የሚሞላበት ክፍል ነው። በመርከቡ ግራና ቀኝ ጎን፣ እንዲሁም ከጭነት ማስቀመጫው ወለል በታች ይዘረጋል። መግቢያው ሞላላ ቀዳዳ ነው፤ ትከሻው ሰፋ ያለ ሰው ጎኑን አዙሮ ነው የሚያልፈው። ክዳኑ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ ስለሆነ ብሎኖቹን ፈትቶ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሲከፈት የዛገ ብረትና የረጋ ውኃ ሽታ ይወጣል። ከዚያ ቀጥ ያለ መሰላል ወደ ጨለማው ይወርዳል። ታች ሲደረስ ደግሞ አንድ ሰፊ ክፍል አይደለም የሚጠብቀው፤ መርከቡን የሚያጠነክሩ የብረት ግድግዳዎች ታንኩን በብዙ ይከፋፍሉታል፤ በየግድግዳው ላይ ያለው ማለፊያ በጉልበት ተንበርክኮ የሚታለፍ ነው። ጤነኛ ሰው መብራት ይዞ እንኳ ያልፈዋል እንጂ አይመቸውም። ራሱን የሳተ ሰው ተሸክሞ በዚያ ለመመለስ ምን ያህል ሰው፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ያየ ብቻ ያውቀዋል።

አደጋው ግን ከጥበቱ ይልቅ ከአየሩ ነው። ዝገት ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነገር ነው። ታንኩ ተዘግቶ ሲቆይ እርጥብ ብረቱ ውስጡ ያለውን ኦክስጅን እየወሰደ ይዝጋል፤ የሚተካ አየር ደግሞ አይገባም። ከወራት በኋላ ክዳኑ ሲከፈት በዓይን የሚታይ የተለወጠ ነገር የለም። አየሩ አያቃጥልም፣ አያስነጥስም፣ ደረትንም አያፍንም። ብዙ ሰው አየር ሲያጥረኝ ይታወቀኛል ብሎ ያስባል፤ እውነቱ ሌላ ነው። ትንፋሽ ሲያጥረን የሚሰማን ጭንቀት በዋናነት የሚመጣው በሰውነታችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች ነው። ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ግን ሳንባ እንደ ወትሮው ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም እንደ ወትሮው ይወጣል፤ ሰውነት የሚያስጠነቅቅበት ምክንያት አያገኝም። ሰውየው መሰላሉን እየወረደ ነው፤ ደኅና ነኝ ይላል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ይወድቃል።

በንጹሕ አየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ 20.9 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ጅቡቲ ወደብ ላይም ሆነ እዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አይለወጥም፤ የደጋ አየር ይሳሳል እንጂ ድርሻው ያው ነው። ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ማሰብና መወሰን ይዛባል። ወደ 10 ሲጠጋ ሰው ራሱን ይስታል። ከ6 በታች ከሆነ ሰውን ለመግደል ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። ዝገት ብቻም አይደለም። ግንድ፣ የድንጋይ ከሰልና የብረት ቁርጥራጭ የጫነ መርከብ ውስጥ ጭነቱ ራሱ ኦክስጅን ይወስዳል። ለማገዶ ከተጨመቀ እንጨት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የመርከቡ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል፤ እርሱ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። «ሽታው ቀንሷል፣ እንግባ» የሚል ሰው ሊሞት የተቃረበ ሰው ነው።

ስለዚህ ማንም ሰው ወደዚህ ዓይነት ቦታ ከመግባቱ በፊት ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጣል። ፈቃዱ ላይ ማን እንደሚገባ፣ ለምን እንደሚገባ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጻፋል፤ ሰዓቱ ካለፈ ወረቀቱ ዋጋ የለውም፣ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ታንኩ አስቀድሞ በማራገቢያ ለረጅም ሰዓት ይናፈሳል። ከዚያ የጋዝ መለኪያው በረጅም ቱቦ ወደ ውስጥ ይላካል፤ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይለካል፤ ከአየር የሚከብድ ጋዝ ታች ስለሚተኛ አፉ ላይ ብቻ መለካት ምንም ማለት አይደለም። መለኪያው አራት ነገር ይናገራል፦ ኦክስጅን፣ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። የሚገባውም ሰው ደረቱ ላይ ሌላ መለኪያ ያነግታል፤ አየሩ ሲለወጥ ይጮኻል። የመተንፈሻ መሣሪያው፣ ቃሬዛው፣ ገመዱ አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚፈለጉ ሳይሆኑ ገና ማንም ሳይገባ መግቢያው አጠገብ የሚደረደሩ ናቸው።

መግቢያው ላይ ደግሞ አንድ ሰው ይቆማል። ሥራው መቆም ነው። ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ይመዘግባል፣ በየጥቂት ደቂቃው በሬዲዮ ይጠራል፣ መልስ ካጣ ማንቂያ ያሰማል። ሌላ ሥራ አይሰጠውም፤ ዕቃ አምጣ ተብሎ እንኳ አይላክም። ከመርከብ ሥራዎች ሁሉ ትንሹ የሚመስለው ይህ ነው፤ ለእኔ ግን ከባዱ ነው፤ ምክንያቱም ክፉ ቀን ሲመጣ ከዚያ ሰው የሚጠበቀው ልቡ የሚነግረውን አለማድረግ ነው።

ለዚህ ነው ልምምድ ያስፈለገው። በባሕር ላይ የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ባሕርተኞች ሶላስ የምንለው፣ ከ2015 መግቢያ ጀምሮ ወደ ታፈነ ቦታ የሚገቡ ወይም በዚያ የማዳን ሥራ የተመደቡ ሠራተኞች ሁሉ በየሁለት ወሩ እንዲለማመዱ ያዛል። ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ መርከብ ሁሉ የራሱ የጋዝ መለኪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ከልምምዶቹ አንዱን አልረሳውም። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ መልሕቅ ጥለን የወደብ ወረፋ እንጠብቅ ነበር። በጨርቅ የተሞላ ቱታ ታንኩ ውስጥ አስተኝተናል። መግቢያው ላይ የቆመው ሥራ ከጀመረ ብዙም ያልቆየ የፊሊፒንስ ልጅ ነበር። ለልምምዱ ሲባል ውስጥ የገባው ጓደኛው ድምፁን እንዲያጠፋ ተነግሮታል፤ ልጁ ይህን አያውቅም። በሬዲዮ ጠራ፤ መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። ከዚያ ሬዲዮውን ወርውሮ እስከ ወገቡ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ሕንዳዊው ቺፍ ኦፊሰር፣ ከካፒቴኑ ቀጥሎ ያለው መኮንን፣ በቱታው አንገትጌ ይዞ መለሰው።

አልተቆጣውም። ልምምዱ አልቆ ስንሰበሰብ ከያዘው ወረቀት ላይ «ዛሬ ሁለት ሰው ሞቶብናል» ብሎ አነበበ። ልጁ ጭንቅላቱን ደፍቶ «ጓደኛዬ ነው እኮ» አለ። «ጓደኛህ ስለሆነ ነው የምትሞተው» አለው ቺፍ ኦፊሰሩ፤ «ጠላትህ ቢሆን አትገባም ነበር። ሬዲዮው እጅህ ላይ እያለ ሊያድነው የሚችል ሰው አንተ ብቻ ነበርህ፤ ጣልኸው።» ይህን ከሰማሁ በኋላ ደንቡን እንደ ጭካኔ ማየት ፈጽሞ አልቻልኩም። ደንቡ የተጻፈው ለሰነፍ ወይም ለፈሪ አይደለም። ፈሪ አስቀድሞም አይገባም። የተጻፈው ለሚወድ፣ ለሚቸኩል፣ ለጀግና ነው፤ በታፈነ ቦታ ሬሳ የሚደራረበውም በእነዚህ ሰዎች ነው።

ደንብ ግን ከሰማይ የወረደ ፍጹም ነገር ነው ብዬ አልከራከርም። ታይታኒክ በ1912 ሲሰምጥ ከ2,200 በላይ ሰዎች ነበሩበት፤ የሕይወት አድን ጀልባዎቹ በሙሉ ቢሞሉ የሚይዙት ግን 1,178 ሰው ነበር። ከ1,500 በላይ ሰው አለቀ። ብዙ ሰው የማያውቀው መርከቡ የጀልባ ደንብ እንዳልጣሰ ነው። የጊዜው የእንግሊዝ ደንብ የጀልባዎችን ቁጥር የሚቆርጠው በተሳፋሪ ብዛት ሳይሆን በመርከቡ መጠን ነበር፤ ከ10,000 ቶን በላይ ለሆነ ሁሉ 16 ጀልባ ይበቃ ነበር። ታይታኒክ ወደ 46,000 ቶን የሚጠጋ ሆኖ 20 ጀልባ ይዞ ነበር፤ ማለትም ደንቡ ከጠየቀው በላይ። ደንቡ ያረጀው መርከቦች እያደጉ እርሱ ባለበት ስለቆመ ነው። የመጀመሪያው ሶላስ በ1914 የተፈረመው ከዚያ በኋላ ነበር፤ ዛሬ የምንሠራበት የ1974ቱ ነው፤ እርሱም በየጊዜው ይሻሻላል።

ከታይታኒክ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሄራልድ ኦቭ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የተባለው መርከብ ነው። መኪናና ሰው ጭኖ ቤልጅየምና እንግሊዝ መካከል የሚመላለስ ነበር። በመጋቢት 1987 ከዜብሩገ ወደብ ሲወጣ መኪና የሚገባበት የፊት በሩ እንደተከፈተ ነበር። ውኃ በመኪናው ወለል ላይ ገባ፤ መርከቡ ወዲያው በጎኑ ተጋደመ፤ 193 ሰው ሞተ። በሩን የመዝጋት ኃላፊነት ያለበት ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አለቃው፣ ቦሰን የሚባለው የመርከበኞች ኃላፊ፣ በሩ ክፍት መሆኑን አይቷል፤ መዝጋት ግን የእርሱ ሥራ ነው ብሎ አላሰበም። ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ በሩን ማየት አይችልም፤ ክፍት ነው የሚል ሪፖርት እስካልመጣለት ድረስ ተዘግቷል ብሎ ነው የሚነሳው። በሩ መዘጋቱን የሚያሳይ መብራት እንዲገጠም ከካፒቴኖች ቀርቦ የነበረውን ጥያቄ የድርጅቱ የየብስ ኃላፊዎች ከቁም ነገር አልቆጠሩትም ነበር። መርማሪው ዳኛ ጥፋቱን በተኛው ሰው ላይ ብቻ አልጣለም፤ ከላይ እስከ ታች ድርጅቱ በሙሉ በግዴለሽነት በሽታ ተይዟል ብሎ ፈረደ።

ይህ ፍርድ የባሕርን ሥራ ለወጠው። በ1993 ጸድቆ ከ1998 ጀምሮ በየደረጃው ግዴታ የሆነው የደኅንነት አስተዳደር ደንብ ጣቱን መርከቡ ላይ ካለው ሠራተኛ አልፎ ቢሮ ወደተቀመጠው ቀሰረ። የመርከብ ባለቤት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍ ማስቀመጥ አለበት። ከድርጅቱ የመጨረሻ ባለሥልጣን ጋር በቀጥታ መገናኘት የሚችል፣ መርከበኛው የሚያውቀው ሰው በየብስ መመደብ አለበት። ካፒቴኑም ለሰው ሕይወትና ለባሕሩ ንጽሕና ሲል የመጨረሻውን ውሳኔ የመወሰን ሥልጣን እንዳለው በግልጽ መጻፍ አለበት። «የእኔ ሥራ አይደለም» የሚለው ቃል ሊሻር የታሰበው በዚህ መንገድ ነው።

ተሽሯል ወይ ብትሉኝ በከፊል ነው እላለሁ። ደንቡ ወረቀትን አብዝቷል፤ ወረቀት ደግሞ ክፍል ውስጥ ተቀምጦም ይሞላል። ሌላ ዓለም አቀፍ ደንብ መርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ ቢያንስ 77 ሰዓት ማረፍ አለበት ይላል። ሁለት ወደብ በተከታታይ የነካ መርከብ ላይ የሠራ ሰው መዝገቡ ሁልጊዜ እውነቱን እንደማይናገር ያውቃል። ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው። ያልተለካ አየር ተለካ ተብሎ የተጻፈበት ፈቃድ ምንም ካለመኖሩ ይብሳል፤ ምንም ባይኖር ሰው ይጠራጠር ነበርና። የሞላኸው ወረቀት ታንኩ ውስጥ የሚገባ ሰው ሕይወቱን የሚያስይዝበት ቃልህ ነው።

ይህን ሁሉ በየብስ እንደማልፈልገው አስብ ነበር። ክረምቱ መውጫ ላይ ከቤታችን ጀርባ ያለው ገና ተቆፍሮ ያላለቀ ጉድጓድ የዝናብ ውኃ ቋጠረ። ሠራተኞቹ ውኃውን ለመምጠጥ የቤንዚን ፓምፕ በገመድ ወደ ታች አወረዱና አስነሡት። ፓምፕ ሞተር ነው፤ ሞተር ኦክስጅን ይበላል፣ በምትኩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል፤ ከላይ ክፍት የሆነ ጉድጓድ ቢሆንም አየሩ በቀላሉ አይለዋወጥም። ፓምፑ ቆመ። አንዱ ሊያስነሳው ወረደ፤ ዝም አለ። ሁለተኛው የአጎቱ ልጅ ነበር፤ ስሙን እየጠራ ተከተለው።

ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ የግቢው ጥበቃ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ሊወርድ ገመዱን ይዟል። ያዝኩት። አንድ ጎረቤትም አግዞኝ ሁለታችን ያዝነው። እናቶች «ሰው እየሞተ እንዴት ትከለክላለህ?» ብለው ጮኹብኝ፤ አንዲቱ ልብህ ድንጋይ ነው አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ከእርሷ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር። ወደ 939 ደወልን፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአየር ጠርሙሳቸውን አዝለው ወርደው ሁለቱን አወጧቸው። ሁለቱም አልፈዋል። በማግስቱ ሰፈሩ የሚያወራው ጉድጓዱ ሰው ይበላል እያለ ነበር፤ ቦታው መጸለይ አለበት የሚልም አልጠፋም። ጸሎቱን አልቃወምም። ነገር ግን የገደላቸው ነገር ስም አለው፤ ይለካል፣ ይከላከሉታልም። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲያድር የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ማንኛዋም እናት ከሰሉ ሳይፋፋም ቤት እንዳይገባ የምትከለክለው ይህን ስለምታውቅ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ግን አናስታውሰውም።

የቆየ ብልኃት አለ፤ አንዳንድ ቆፋሪዎች ሻማ አብርተው በገመድ ያወርዳሉ፤ ከጠፋ አይገቡም። ከምንም ይሻላል። ሆኖም ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅን ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ነው፤ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድና ስለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚናገረው ነገር የለም። አሮጌ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ሚቴን የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ካለ ደግሞ እሳቱ ራሱ አደጋ ነው።

ሌላም ከባሕር ወደ እኛ የሚመጣ የታፈነ ቦታ አለ። ቃሊቲና ገላን ያሉት መጋዘኖች በር ላይ በየቀኑ ኮንቴይነር ይከፈታል። በጉዞ ላይ ነፍሳት እህሉን ወይም እንጨቱን እንዳይበሉት ፎስፊን ወይም ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ኮንቴይነር ብዙ ነው። ደንቡ በሩ ላይ የራስ ቅል ያለበት ምልክት እንዲለጠፍ ያዛል። ምልክቱ በመንገድ ይቀደዳል፣ ይወድቃል፤ የቀን ሠራተኛው ደግሞ የተጻፈበትን ቋንቋ ላያውቅ ይችላል። ለሠራተኞቹ የምለው ቀላል ነው። ሁለቱንም በር ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ ስትከፍቱ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቁሙ፤ ወዲያው አትግቡ፤ ነፋስ ይግባበት። አሠሪው ቢቸኩልም ያ ጊዜ የእናንተ ነው።

ከለቅሶው በኋላ ነገሩን ለዕድራችን አቀረብኩ። የዕድሩ ዕቃ ቤት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሰሃን ሞልቶታል። ከዚያ ጎን ማራገቢያ ከረጅም ቱቦ ጋር፣ ጉድጓድ አፍ ላይ የሚተከል ባለ ሦስት እግር ማንሻ፣ ገመድና ሙሉ የሰውነት መታጠቂያ ይቀመጥ አልኩ። አባል የሆነ ሰው ጉድጓድ ሲያስቆፍር ወይም ሲያስጠርግ ይዋሰው፤ ቆፋሪው ከመውረዱ በፊት ይታጠቅ፤ ቢወድቅ ማንም ሳይገባ ከላይ ይሳባል። አንድ አባት ተነሥተው «ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ የጉድጓድ ሥራ ውስጥ ከገባን ማብቂያ የለውም» አሉ። ሐሳባቸው ተራ አልነበረም፤ የተዋሰው መሣሪያ ተበላሽቶ ሰው ቢጎዳ ኃላፊው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ስለሆነ መልሱ በደንቡ እንዲጻፍ ተስማማን፦ መሣሪያው ሲወጣም ሲመለስም የሚያየው፣ የሚፈርምበትም አንድ የተመደበ ሰው ይኖራል። የዕድሩ ዳኛ «ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼው ነው» ብለው ድምፅ አሰጡ፤ አብዛኛው እጁን አወጣ።

ማራገቢያው ተገዝቷል። መታጠቂያና ገመድም አለን። ማንሻውን ሰፈራችን ያለ ብረት ሠራተኛ ነው የሠራው፤ ሰው ሳይሆን በአሸዋ የተሞላ ጆንያ አንጠልጥለን ደጋግመን ሞክረነዋል። ጉድጓድ አፍ ላይ የሚቆም ሰው እንዲኖርና ሌላ ሥራ እንዳይሰጠው በዕድሩ ደንብ ተጽፏል። ይህንንም ሴቶችና ወጣቶች ባሉበት ደጋግሜ አስረድቻለሁ፤ ምክንያቱም አደጋ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። ፓምፕም ሆነ ጄኔሬተር ወደ ጉድጓድ አይወርድም፤ ከላይ፣ ነፋሱ ጭሱን ወደ ጉድጓዱ በማያመጣበት በኩል ይቀመጥና ቱቦው ብቻ ይወርዳል። ሰው ከወደቀ አየር ይነፋለታል፣ በገመዱ ይሳባል፣ 939 ይደወላል፤ ተከትሎ የሚወርድ ሰው ግን ይያዛል፤ በጉልበትም ቢሆን።

የቀረው የጋዝ መለኪያው ነው። ዋጋው ለአንድ ዕድር ይከብዳል፣ በየጊዜውም በባለሙያ መስተካከል አለበት፤ ያልተስተካከለ መለኪያ ይዋሻል። ከአጎራባች ዕድሮች ጋር ተጋርተን እንድንገዛ ደብዳቤ ጽፈናል፤ ወደ መርከብ ከመመለሴ በፊት መልሳቸው ቢደርሰን አጠቃቀሙን ራሴ አሳያለሁ፤ ካልደረሰ ደግሞ ቢሾፍቱ አብሮኝ የተማረ ባልደረባዬ እዚሁ ገላን ስላለ እርሱ ሊያሳይ ተስማምቷል።